ወደ ሠራተኛው ደጃፍ የሄደ ትምህርት

በ1915 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪዎች፣ ተማሪ ወደ መምህር ደጅ ይሄዳል እንጂ መምህር ወደ ተማሪ ደጅ አይሄድም የሚለውን ጥንታዊ ልማድ የሚሽር ሕግ ደነገጉ። በዚህ ሕግ መሠረት የትምህርት ሸንጎዎች ለየ500ው ተማሪ አንዲት መምህርት እንዲሾሙ ተፈቀደላቸው፤ እርስዋም ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወረች ለስደተኞች ቤተ ሰብ፣ ይልቁንም ሕፃን ታቅፈው ወደ ትምህርት ቤት መሄድ ለማይችሉት እናቶች፣ የእንግሊዝኛን ልሳን፣ የቤትን ንጽሕናና የዜግነትን ሥርዓት ታስተምር ነበር። በ1910 የተነሣው የሜክሲኮ አብዮት ብዙ ሕዝብ ወደ ሰሜን አሰድዶ ስለ ነበር፣ ደጃፋቸው ከተንኳኳው ብዙዎቹ እስፓኝኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ትምህርቱ ያለ ዋጋ ነበር፤ ነገር ግን መምህርቲቱ ከፊደሉ ጋር የእናቲቱን ማዕድና የልጅ አስተዳደግ ጭምር እንድትለውጥ ተልካ ነበርና፣ ገንዘብ ያልተጠየቀበት ትምህርት ክብርን ይጠይቅ ነበር ብንል አንሳሳትም።

ልሳኑን የማወቅ ግዴታ ግን ከዚያ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። የ1906ቱ የአሜሪካ የዜግነት ሕግ አመልካቹ እንግሊዝኛ እንዲናገር፣ የ1950ው ደግሞ እንዲያነብና እንዲጽፍ ጭምር አዘዘ። በ1986 በወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ ይኖሩ ከነበሩት ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ሜክሲካውያን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሲያገኙ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ወይ ፈተና ማለፍ ወይ የእንግሊዝኛ ትምህርት መከታተላቸውን በወረቀት ማስረዳት ስለ ነበረባቸው የማታ ክፍሎች ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞሉ። ቀኑን በሙሉ ሰሐን ሲያጥብ ወይም ልብስ ሲሰፋ የዋለ ጎልማሳ፣ ድካሙን ተሸክሞ በሁለት አውቶቡስ ተሳፍሮ ሲደርስ መቀመጫ አልቆ ቢያገኘው፣ ለእርሱ ነጻ የተባለው ትምህርት ነጻ አልነበረም።

ከዚህ ጎን ለጎን ድምፅና ሥዕል በመምህርቲቱ ፈንታ መሄድ ጀምረው ነበር። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ በ1959 ወደ 1500 በሚጠጉ ቃላት ብቻ፣ ረጋ ባለ አነጋገር፣ ለውጭ አገር አድማጮች ዜና ማሰማት ጀመረ፤ በ1996 በአንድ ትንሽ ምግብ ቤት ዙሪያ ስደተኞችን የሚያሳይ ክሮስሮድስ ካፌ የተባለ ባለ 26 ክፍል የቴሌቪዥን ትምህርት ወጣ፤ በ2008ም የሳክራሜንቶ አውራጃ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ዩኤስኤ ለርንስ የተባለውን የጎልማሶች መማሪያ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ከፈተ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን ከጓቲማላ የመጣው ነው። ሉዊስ ፎን አን ወደ አሜሪካ ለመማር የእንግሊዝኛ ፈተና መቀመጥ ሲኖርበት፣ በአገሩ ያለው የፈተና ቦታ ሁሉ ተይዞ ስለ ነበር፣ ወደ ኤል ሳልቫዶር በአውሮፕላን ሄዶ ከ1000 ዶላር በላይ ማውጣቱን ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። በወገኖቹ ዘንድ እንግሊዝኛ ከድህነት መውጫ በር መሆኑን፣ የበሩም ቍልፍ በባለጸጎች እጅ መያዙን ያየ ይህ ሰው፣ በፒትስበርግ ከሴቨሪን ሃከር ጋር ሆኖ በሰኔ 2012 ዱኦሊንጎ የተባለውን የልሳን መማሪያ በኢንተርኔት ለሕዝብ ከፈተ፤ ለእስፓኝኛ ተናጋሪዎች የተሰናዳው እንግሊዝኛም ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች አንዱ ነበረ። ወጪው በመጀመሪያ ተማሪዎቹ እየተለማመዱ በሚተረጕሙት ጽሑፍ እንዲሸፈን ታስቦ ነበር፤ በኋላ ግን ማስታወቂያና በፈቃድ የሚከፈል የደንበኝነት ክፍያ ተተኩ። በ1915 እንደሚታረም ጉድለት ይቈጠር የነበረው የእናት ልሳን እዚህ መሸጋገሪያ ድልድይ ሆኖ አገለገለ፤ ተማሪውም ከፈረቃ እስከ ፈረቃ ባለችው ዕረፍት፣ ሲሳሳት የሚስቅበት ሳይኖር፣ በእጅ ስልኩ ያጠናል። ይህን ታላቅ በጎ ሥራ እለዋለሁ።

ሆኖም ስልክ ደጅ አንኳኵታ የምትገባውን፣ ፊት ለፊት ተቀምጣ የምታደምጠውንና የሰነፈውን የምታበረታውን መምህርት ሊተካ አይችልም። ይህም ሆኖ፣ ዱኦሊንጎ በተከፈተበት በዚያው በ2012 የሎስ አንጀለስ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች አስተዳደር የጎልማሶችን ትምህርት በጀት እጅግ ቀነሰ።