ዘመን ያለው ቀለም

ከዚህ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ሲሆን፣ ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። የዚያን ባቡር ሎኮሞቲቭ በትንሹ ቀርጾ ቀለም መቀባት የልጅ ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሠሪው በየደረጃው ታሪክን መጠየቁ አይቀርም።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሐዲዱ ስፋት ነው። የቀድሞው 1 ሜትር ነበር፤ ከ2016 ጀምሮ የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር ግን 1.435 ሜትር ነው። ሁሉም በ87 እጅ ሲያንስ አሮጌው ወደ 12 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ ወደ 16.5 ይጠጋል። የእንፋሎቱን ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ ያቆመ ሰው እንግዲህ ሁለት ዘመን አደባልቋል።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። የእንፋሎቱ ሎኮሞቲቭ ጥላሸት፣ በ1950ዎቹ የመጣው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ደግሞ የዘይት ጠብታ ይሻል፤ የበረሃው አቧራ ግን የሁለቱም ነው። እንዳዲስ የሚያብረቀርቅ ሞዴል ያማረ ቢሆንም የሠራበትን ዕድሜ ይሰውራል።

ከጅቡቲ አዲስ አበባ ድረስ የሚዘልቀው የጥንቱ ባቡር ዛሬ የለም። ብረቱን ዝገት ሲበላው፣ በጥንቃቄ የተቀባች ትንሽ ሎኮሞቲቭ መልኩን ለልጆቻችን ታቆይልናለች።