ፈጣን መኪና ለባለ ልጅ

ሁለተኛ ልጃችን ልትወለድ ነው፤ የኔ ዓይን ግን ከፈጣን መኪና ላይ አልነሳ አለ። ባለቤቴ «ልጆቹንስ የት ልታስቀምጣቸው ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እዚሁ እስራኤል አውቶካርስ የተባለው ፋብሪካ በ1960ዎቹ ያወጣት ሳብራ ስፖርት ቆንጆ ነበረች፤ ግን ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው።

በ1976 ግን ጀርመኖቹ ጎልፍ ጂቲአይን አወጡ። የቮልስዋገን መሐንዲሶች የቤተሰብ መኪናቸውን ወስደው 110 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ገጠሙላት፤ የኋላ ወንበሩንና የዕቃ ቦታውን ግን አልቀነሱም። 5,000 ብቻ ሊሠሩ አስበው፣ የመጀመሪያዋ ዓይነት ብቻ ከ400,000 በላይ ተሠራች። ለካ ልጅ ያለውም ሰው ፍጥነት ይወዳል!

አሁን ያገለገለች ጎልፍ እየፈለግሁ ነው። መጀመሪያ የማየው ግን ሞተሩን አይደለም፤ ሁለት የሕፃን ወንበር ከኋላ መግባቱን ነው።