የሐሞት ጠጠር ተገኘብዎት ማለት ቀዶ ሕክምና ማለት ነውን?

እኛ ዘንድ ሐሞት የወኔ ማደሪያ ነው፡፡ የፈራውን ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንለዋለን፡፡ እኔ በምኖርበት ሲኤምሲ ግን ሰሞኑን ስለ ሐሞት የሚወራው ሌላ ነው፡፡ በየመንገዱ ዳር የአልትራሳውንድ ማስታወቂያ የሰቀለ ክሊኒክ ሞልቷል፡፡ ለሌላ ጉዳይ የገባ ሰው «ሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር ታይቷል» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣና ማታውኑ የኦፕራሲዮን ገንዘብ ማፈላለግ ይጀምራል፡፡

ሐሞት ጉበት የሚያመርተው፣ ቅባት ለመፍጨት የሚረዳ ፈሳሽ ነው፡፡ ከጉበት ሥር ያለችው ከረጢት ታጠራቅመውና ስንበላ ወደ አንጀት ትለቀዋለች፡፡ ኮሌስትሮሉ ሲበዛ ወይም ከረጢቷ በወጉ ሳትጨመቅ ስትቀር ጠጠር ይሠራል፡፡ ሴቶች፣ ወፍራሞችና ዕድሜያቸው የገፋ ይበልጥ ይጠቃሉ፡፡ በጥድፊያ መክሳትም ያመጣዋል፤ ለሠርግ ቀሚስ ሲሉ በወር የሚከሱ እህቶቻችን ይስሙ፡፡

የቀድሞ የሕክምና መጻሕፍት ይህ በሽታ በአፍሪካ ብርቅ ነው ይሉ ነበር፡፡ ሆኖም በአገራችን ሪፈራል ሆስፒታሎች የሐሞት ከረጢታቸው ተቆጥቶ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሰዎች አሉ፡፡

ወደ ዋናው ጥያቄ ልመለስ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ጥናት ጠጠር እያለባቸው ምንም ሕመም የማይሰማቸውን 123 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ተከታትሎ ነበር፡፡ በ20 ዓመት ውስጥ የመታመም ዕድላቸው 18 በመቶ ገደማ ሆኖ ተገኘ፡፡ ሐኪሞች ሕመም የሌለውን ጠጠር በአብዛኛው እንዳለ የሚተዉት ለዚህ ነው፡፡

ሕመም ላለባቸውስ? በ2023 ውጤቱ የታተመው የብሪታንያ ጥናት ሕመም እንጂ ሌላ መዘዝ የሌለባቸውን 434 ሰዎች በሁለት መደበ፤ ለቀዶ ሕክምናና ለክትትል፡፡ በ18 ወራት ውስጥ በሕመም ስሜት ልዩነት አልታየም፤ ከክትትሉ ወገን የተሠሩትም ሩብ ብቻ ናቸው፡፡ ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት እንኳ የተሠሩት 67 በመቶ ስለነበሩ፣ እኔ ውጤቱን በጥንቃቄ ነው የማየው፡፡ 18 ወርም አጭር ጊዜ ነው፡፡

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ አለ፡፡ በአገራችን ከደረት በታች የሚያም ሁሉ «ጨጓራ» ነው፡፡ ቅባት ከተበላ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ወይም መሐል ላይ ጨምድዶ ይዞ ለሰዓታት የሚቆይና ወደ ቀኝ ትከሻ የሚዘልቅ ሕመም ግን የጠጠር ሊሆን ይችላል፡፡ ኦሜፕራዞል ለዓመታት ቢውጡለት ጠጠሩን አያሟሟውም፡፡ ትኩሳት ከመጣ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ ጠጠሩ የሐሞቱን ቱቦ ዘግቶ ይሆናል፤ ቆሽትንም ሊያስቆጣ ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው፡፡

የወይራ ዘይትና ሎሚ ጠጥተው «ጠጠሩ ወጣልኝ» የሚሉም አሉ፡፡ በ2005 ላንሴት ላይ የወጣ ዘገባ እንዲህ የወጣ «ጠጠር» ላቦራቶሪ ሲገባ ከዘይቱ ሆድ ውስጥ የተሠራ ሳሙና ሆኖ መገኘቱን ይገልጻል፡፡

እኔ የሕግ ሰው ነኝ፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ማንም ሰው የሐኪም ምርመራንም ሆነ ቀዶ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል፡፡ ከመፈረምዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ሕመሜ ከጠጠሩ ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው? ብጠብቅ ምን ያሰጋኛል? የሚሠራው ሆድ ተከፍቶ ነው ወይስ በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ? የአልትራሳውንዱን ወረቀትም አይጣሉት፤ ሌላ ሐኪም ሲያማክሩ ያስፈልግዎታል፡፡