የዘማቹ ፈቃድ፣ የባሌ ገበሬ ዘር

በገበሬ ቤት እየበሉና እያደሩ፣ ኪራይና ደመወዝ ሳይነሣ እርሻ ማገዝ ዛሬ በሌላው ዓለም የወጣቶች መንገድ ሆኗል። ሱ ኮፐርድ የተባለች የለንደን ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1971 የከተማ ሰዎችን ለቅዳሜና እሑድ ኬሚካል ወደማይነካው እርሻ ወሰደች፤ ያ ጅምር ዛሬ በብዙ አገሮች ተዛምቷል። እኛ ግን ከዚያ ሦስት ዓመት በኋላ የራሳችን ነበረን። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ፤ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ተሠማሩ። ባሌም አንዷ ነበረች።

እስካሁን የሚያከራክረው አንድ ነገር ነው፤ ዘማቹ የወጣው ወዶ ነው ወይስ ታዞ?

ወዶ ነው የሚሉት ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ተማሪው በየካቲት 1957 «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር የማገልገል ልማድ ነበረው። ታዞ ነው የሚሉት ደግሞ የ1967ን መስከረም ያነሣሉ። ተማሪዎች ሕዝባዊ መንግሥት ጠይቀው ዘመቻውን ተቃወሙ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ያልዘመተ ትምህርትም ሥራም አያገኝም ተባለ። ሐሳቡ የተማሪው ሊሆን ይችላል፤ የጉዞው ትእዛዝ ግን የደርግ ነበር። ትምህርትንና እንጀራን አስይዞ የሚጠየቅ ፈቃድ ፈቃድ ሊባል አይችልም።

የባሌ ገበሬስ? ዋቆ ጉቱ የመሩት የባሌ አመፅ የበረደው በ1962 ነው። የመሬት ግብርና የመሬት መነጠቅ ያስከተለው ቁስል ገና አልሻረም ነበር። ለዚህ ሕዝብ የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ትልቅ ነገር ነው። ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ ወሰነ፤ ጭሰኝነትንም አስቀረ። ዘማቹ ገበሬ ማኅበር ያደራጅ፣ ፊደል ያስቆጥር ነበር።

ወቅቱንም ልብ ማለት ያስፈልጋል። የባሌ ደጋ እንደ መሀል አገር በአንድ ክረምት ብቻ አያርስም። «ገና» ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ «ቦና» ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል፤ ገብሱም ስንዴውም በዓመት ሁለቴ ይዘራል። አዋጁ የወጣው ገበሬው ለገና ዘር በሬ በሚያቀናጅበት ሰሞን ነበር። የዘማቹ መመሪያ የተጻፈው አዲስ አበባ ነው፤ የዘሩን ቀን የሚያውቀው ግን ጎባና ሮቤ ዙሪያ ያለው ገበሬ ነው።

ዘመቻው በ1968 አበቃ። ከዚያ በፊት የተመደበበትን ሥፍራ ጥሎ የሄደ ዘማች ብዙ ነው። መሬቱ ግን ለጭሰኛው ቀረ።

ዛሬስ? የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ቦርሳውን አዝሎ የሚመጣ ወጣት፣ የውጭም የአገር ውስጥም፣ መብዛቱ አይቀርም። አንዱ በሲናና ስንዴ ማጨድ፣ ሌላው በሐረና ደን ቡና መልቀም ያምረው ይሆናል። ይምጣ። ደቦ ግን የሚጠራው ባለ እርሻው ነው፤ ለሥራ የሚመጣም ተጠርቶ፣ ወዶ ይምጣ። እንግዲህ ወደ ባሌ የምትሄዱ ልጆች፣ ማጭድ ከማንሣታችሁ በፊት ገበሬውን «ምን እናግዝዎ?» ብላችሁ ጠይቁ።