ዱላ፣ ልብ፣ አልማዝ፣ አካፋ

እንግሊዝ፣ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ፣ 1978 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሮይ ትራብሾ የተባለ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ፒዲፒ-10 ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚገባበት ጌም መጻፍ ጀመረ። ስሙን መድ አለው። ምስል የለውም፣ ድምፅ የለውም፤ ጽሑፍ ብቻ። ወደ ሰሜን ልሂድ ብለህ ትጽፋለህ፣ የደረስክበት ቦታ ይተረክልሃል። አዲሱ ነገር፣ እዚያ ቦታ ላይ ሌላ እውነተኛ ሰው ቆሞ ሊጠብቅህ መቻሉ ነበር። በ1980 ትራብሾ ሥራውን ለጓደኛው ለሪቻርድ ባርትል አስረከበ።

ሕጉ ቀላል ነው። ሀብት ትፈልጋለህ፣ ያገኘኸውን ረግረግ ውስጥ ትጥላለህ፣ ነጥብ ይሰጥሃል። ነጥቡ ሲሞላ አስማተኛ ትባላለህ፤ ከዚያ በኋላ በዚያች ዓለም ላይ ከተራው ተጫዋች በላይ ሥልጣን አለህ። ኮዱን ብቻ ያነበበ ሰው፣ ሰዎቹ የሚገቡት ነጥብ ለመሰብሰብ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ኮዱ የሚቆጥረው ነጥብ ነዋ!

ከዓመታት በኋላ፣ በኅዳር 1989፣ ባርትል በሚመራው ተከታይ ጌም ውስጥ ከአስማተኞቹ አንዱ የዋህ የምትመስል ጥያቄ ጣለ፦ ሰዎች ከዚህ ጌም የሚፈልጉት ምንድን ነው? ክርክሩ እስከ ግንቦት 1990 ቀጠለ። በመቶዎች የሚቆጠር መልእክት ተጻፈ፤ አብዛኛውን የጻፉት ግን አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ነበሩ። ባርትል ሁሉንም ሰብስቦ ሲያየው አራት ዓይነት መልስ ይደጋገማል። ይህንን በ1996 በጽሑፍ አወጣው፤ ዛሬ የጌም ዲዛይን የሚማር ሰው ሳያነበው የሚያልፍ አይመስለኝም።

አራቱን በመጫወቻ ካርታ ምልክቶች ሰየማቸው። የእንግሊዝኛ ስማቸው ላይ እየተጫወተ ነው። አልማዝ ደረጃ ፈላጊው ነው፤ ሀብቱን፣ ነጥቡን፣ ማዕረጉን ይላል። አካፋ አሳሹ ነው፤ ይቆፍራል፣ ካርታው የት እንደሚያልቅ፣ ሕጉ የት እንደሚሰበር ማወቅ ይፈልጋል (ቴስተር ብትቀጥሩ እሱን ቅጠሩት)። ልብ ከሰው ጋር ለመሆን የመጣ ነው፤ ጌሙ ለእሱ ሰበብ ነው። ዱላ ደግሞ ገዳዩ ነው፤ የሚያስደስተው ማሸነፉ ሳይሆን፣ የተሸነፈው ሰው እውነተኛ ሰው መሆኑ ነው።

በእኛ ቋንቋ ልብ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቤታችን የመጣን እንግዳ "ተጫወት እንጂ" ስንለው ኳስ አቀብለነው አይደለም። ጨዋታ ወሬም ነው። የሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ደግሞ አራቱንም አይታችኋቸዋል። አግዳሚው ላይ ከሰዓት ሙሉ ተቀምጦ አንድ ብር ሳይከፍል አስተያየት የሚሰጠው ልጅ ልብ ነው። ጎል አግብቶ ስክሪኑን ሳይሆን የባላጋራውን ፊት የሚያየው ዱላ ነው። ተሸናፊ ከፋይ በሆነበት ቤት የዱላ ደስታ ሒሳብም አለው።

ነገሩ ከተጻፈ በኋላ ሌሎች ሰዎች ከጽሑፉ ተነስተው የኢንተርኔት ፈተና ሠሩለት፣ የባርትል ፈተና ተባለ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ሰው የሚያውቀው እንደ ኮከብ ቆጠራ ነው፦ አንተ ምንድን ነህ? እኔ አሳሽ ነኝ። ኒክ ዪ የተባለ ተመራማሪ በ2006 ባወጣው ጥናት ሦስት ሺህ የኦንላይን ጌም ተጫዋቾችን ጠይቆ፣ ደስታዎቹ እርስ በርስ እንደማይጣሉ አሳይቷል። ለደረጃ የሚሞት ሰው ለወሬም ሊሞት ይችላል። ልክ ነው። ግን ለእኔ የባርትል ጽሑፍ ዋጋ ሰውን መመደቡ ላይ አይደለም። ግማሹ ስለ ሚዛን ነው፤ አንዱ ዓይነት ሲበዛ ሌሎቹ ምን ይሆናሉ የሚል። ገዳዮች ሲበዙ ወግ ወዳዶቹ ይሸሻሉ። ደረጃ ፈላጊዎች ሲበዙ ገዳዮች ይመጣሉ፣ ታዳኝ ተገኝቷላ። ገዳዮችን በጥቂቱም ቢሆን የሚቀንሱት አሳሾቹ ናቸው፤ የጌሙን ተንኮል ስለሚያውቁ ሲነኩ ያሳፍራሉ።

ይሄ በወረቀት ላይ አልቀረም። አልቲማ ኦንላይን በ1997 ወጣ። ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ በነሐሴ፣ ፈጣሪው ሪቻርድ ጋሪዮት ሎርድ ብሪቲሽ በሚባለው ንጉሥ ገጸ ባሕርይ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሳለ አንድ ተጫዋች በእሳት አስማት ገደለው። የማይሞት መሆን ነበረበት፤ ሰርቨሩ ወድቆ ሲነሳ ያ ቅንብር አልበራም። እስካሁን ይሳቅበታል። ጌሙ ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ ግን የሚሞተው ንጉሥ አልነበረም። ከከተማ በር ወጣ ያለ ጀማሪ ይገደላል፣ ዕቃው ይወሰዳል፣ ወርሃዊ ክፍያውን አቋርጦ ይሄዳል። ዲዛይነሮቹ ተጫዋቾች ራሳቸው ሥርዓት ያበጃሉ ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። ቅጣት ጨመሩ፣ የገዳይ ስም በቀይ እንዲታይ አደረጉ፤ አልበቃም።

በ2000 ዓለሙን ለሁለት ከፈሉት። ያው ካርታ ተቀዳ፦ ትራመል ላይ ሳይስማሙ መገዳደል የለም፣ ፈሉካ ላይ እንደ ድሮው። ሕዝቡ ወደ ትራመል ተሰደደ። ነጋዴው፣ ልብስ ሰፊው፣ መጠጥ ቤት ተቀምጦ የሚያወራው፣ ሁሉም። አንዳንዶች ጌሙ ያን ቀን ሞተ ይላሉ፤ ፍርሃት ያልነበረበት ጉዞ ጉዞ አይደለም ባዮች ናቸው። አባባላቸው ውስጥ እውነት አለ። ግን ልብ በሉ፣ ይህን የሚሉት አብዛኞቹ ዱላውን የያዙት እንጂ የተመቱት አይደሉም።

ይህንን የማነሳው እኛም አፕ ስንሠራ ያንኑ ስለምናደርግ ነው። ባጅ፣ ነጥብ፣ በተከታታይ የገባህባቸው ቀናት፤ ሁሉም የአልማዝ ምግብ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ኮለም ይበቃዋል፣ ዳሽቦርድ ላይ ያምራል። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ልጅ ግን በየትኛው ኮለም ይገባል? ምንም አልተጫወተም፣ ምንም አልከፈለም። እሱ የቀረ ቀን ቤቱ ምን ያህል ጭር እንደሚል ባለቤቱ ያውቃል፣ ዳሽቦርዱ አያውቅም።

ፈሉካን በተመለከተ፣ ገዳዮቹ ባዶ ጫካ ውስጥ ቀሩ። በኋላ የጌሙ ሠሪዎች የገጸ ባሕርይን ችሎታ ከጣራው በላይ የሚያሳድጉ ጥቅልሎች ጨመሩ፤ የሚገኙት ፈሉካ ላይ ነበር። ደረጃ ፈላጊዎቹ ጥቅልሉን ፍለጋ ተመለሱ። ገዳዮቹ እዚያው እየጠበቁ ነበር።