ጥቁር አዝሙድ ከማጀት እስከ ቤተ ሙከራ

በሩንዳ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ማጀት ጥቁር አዝሙድ አይታጣም። በርበሬ ሲዘጋጅ ይገባል፤ ለድፎ ዳቦ ይሆናል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ታምሶ በጨርቅ የተቋጠረውን ፍሬ ያሸታል። ሆድ ሲነፋና ሲቆርጥም ይታዘዛል። ይህ የቆየ ልማድ ወደ ቤተ ሙከራ ከገባ ወዲህ ግን «ለሆድ ይበጃል» የተባለው «የአንጀት ብግነትን ይፈውሳል» ወደሚል አባባል ሲሻገር ይሰማል።

ሁለቱ አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1932 ኒው ዮርክ ውስጥ ዶክተር ቡሪል ክሮንና ሁለት ባልደረቦቹ የገለጹት፣ ዛሬም በክሮን ስም የሚጠራው በሽታ፣ እንደ አሜባ በጥቂት ቀን መድኃኒት የሚወገድ አይደለም። የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጀቱ ላይ የሚነሣበት፣ ጋብ እያለ የሚያገረሽ ደዌ ነው። ትልቁን አንጀት የሚያቆስለው ሌላው የብግነት ዓይነትም እንዲሁ።

እ.ኤ.አ. በ1963 የታተመ ጥናት የግብፅን ጥቁር አዝሙድ መርምሮ ታይሞኪኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ። በ2003 ደግሞ አንጀታቸው በአሲድ እንዲቆስል የተደረጉ አይጦች ይህንኑ አስቀድመው ሲወስዱ ጉዳታቸው ቀነሰ። ሆኖም በአሲድ በአንድ ጊዜ የመጣ ቁስል ሰውን ለዓመታት ከሚያሠቃይ ደዌ እጅግ ይለያል።

በሰው ላይ ይበልጥ የሚያነጋግረው ማስረጃ የመጣው ከሌላ ዘር ነው። በ1999 የስፔን ሐኪሞች ትልቅ አንጀታቸው ቆስሎ ሕመሙ ጋብ ካለላቸው 105 ሰዎች ለከፊሎቹ የፕላንታጎ ኦቫታን ዘር፣ ለከፊሎቹ ሜሳላሚን የተባለውን የታወቀ መድኃኒት፣ ለቀሩት ሁለቱንም ሰጡ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው ያልያዘላቸው በቅደም ተከተል 40፣ 35 እና 30 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱም ጎልቶ የሚታይ አልነበረም። የሚገርመው፣ እዚህ የተፈተነው ጭማቂ ሳይሆን ራሱ ዘሩ ነው፤ አሰሩን የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት የትልቁን አንጀት ሽፋን የሚመግበው ቡቲሬት ይወጣል። ይህ ሁሉ የሆነው በሐኪም ክትትል በመሆኑ፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ጥሎ ወደ ዘር የሚዞር ሕመምተኛ ከጥናቱ ድጋፍ አያገኝም።

ከዘር መድኃኒት ቢወጣ ባለመብቱ ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የተሞከረው ከሩንዳ ብዙም ሳይርቅ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በአጎራባቹ ጊጊሪ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በጠራው የናይሮቢ ጉባኤ፣ ግንቦት 14 ቀን 1984 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1992) የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ጽሑፍ ጸደቀ። ስምምነቱ አገሮች በዘረመል ሀብታቸው ላይ ሉዓላዊ መብት እንዳላቸው፣ ጥቅሙም በፍትሕ ሊካፈል እንደሚገባ ደነገገ። ኢትዮጵያም በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 482 የማኅበረሰብን ዕውቀት በሕግ አጠረች። ጥቁር አዝሙድ ግን ከሜዲትራኒያን ዳርቻ እስከ ሕንድ የሚዘራ ነውና የባሌ ገበሬ ብቻውን «የእኔ ነው» ሊል አይችልም፤ የካይሮዋም የዴልሂዋም እናት ታውቀዋለች።