የሥጋ ደዌ ሪአክሽን እና የብግነት መልእክተኞች

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ፬ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱባት ቦሩ ሜዳ ከደሴው ሰኞ ገበያ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ ትገኛለች። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ሚሲዮናውያን ባቋቋሙት የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ስሟ ታወቀ።

በእንዲህ ያሉ ሆስፒታሎች ሐኪሞችን ለረጅም ዘመን ያስጨነቀ እንቆቅልሽ ነበር። ታማሚው መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ፣ አንዳንዴም ከጨረሰ በኋላ፣ በድንገት ያተኩሰዋል፤ ቆዳው ላይ የሚያሙ እብጠቶች ይወጡበታል፤ ነርቮቹም ያብጣሉ። መድኃኒቱ የጎዳው መስሎት ሕክምናውን የሚያቋርጥም አለ።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሼስኪን የተባሉ የኢየሩሳሌም ሐኪም፣ ጽንስን በመጉዳቱ ከገበያ ወጥቶ የነበረው ታሊዶማይድ ኤሪቴማ ኖዶሰም ሌፕሮሰም የተባለውን ይህን ሪአክሽን እንደሚያበርድ አሳወቁ። ታሊዶማይድ ቲኤንኤፍ አልፋ የተባለውን የብግነት መልእክተኛ ምርት እንደሚቀንስ የታየው ግን በ1991 ነው። ስለዚህ ታማሚውን የሚያሠቃየው ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን የራሱ ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ጭምር ነበር።

የምላሹ ቁልፍ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ እነ ዴቪድ ባልቲሞር በ1986 ይፋ አደረጉት። ሕዋሱ በዕረፍት ላይ ሳለ አይ ካፓ ቢ የተባለ ተቆጣጣሪ ፕሮቲን አስሮ ይይዘዋል። የባክቴሪያው ስባሪ የሕዋሱን ተቀባይ ሲነካ ተቆጣጣሪው ይፈርሳል፤ የተፈታው ፕሮቲን ወደ ኒውክለስ ገብቶ ቲኤንኤፍን ያስመርታል። የተመረተውም ቲኤንኤፍ በጎረቤት ሕዋሳት ላይ ያንኑ ምልክት ስለሚቀሰቅስ ብግነቱ ይዛመታል። የፕሬድኒሶሎን ዓይነት መድኃኒቶች የአይ ካፓ ቢን ምርት እንደሚጨምሩ በ1995 ታወቀ።

በአገራችንም አለርት በ1965፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በ1970 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ተመሥርተው በሥጋ ደዌ ሕክምናና ምርምር ታላቅ ድርሻ አበርክተዋል። በ2014 በአለርት ታማሚዎች ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ ይህ ሪአክሽን ለሞት ጭምር እንደሚያደርስ፣ የተራዘመ የፕሬድኒሶሎን አጠቃቀምም በብርቱ ሊጤን እንደሚገባ አመልክቷል። ብግነቱን የሚገታው መድኃኒት ሰውነት ኢንፌክሽንን የሚከላከልበትንም ኃይል ያዳክማልና።

ከዚህ ታሪክ ለጤና ባለሙያው የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው። ነርቭ አንዴ ከሞተ አይመለስም። ስለዚህ ነርቮችን መዳሰስ፣ የእጅና የእግርን ስሜትና ጉልበት መመርመር፣ ሪአክሽን ሲከሰት የኤምዲቲ ሕክምናን አለማቋረጥ፣ ፕሬድኒሶሎንንም በድንገት ሳይሆን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ማቆም ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን ታማሚው ሪአክሽን ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል፤ ያወቀ ሰው ነርቮቹ ሳይሞቱ ወደ ጤና ተቋም ይመጣልና።